ከሳንባው በታች የተጻፈው

ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ክረምት እዚህ ደባርቅ የወጣቶች ኅብረታችን በአዳራሹ የጤና ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ከጎንደር ለእረፍት የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ የሰው በሽታዎች ሙዚየም የሚባል ቦታ እንዳለ በስልካቸው አይተው ኖሮ "እኛስ በሥዕልና በጭቃ ለምን አንሠራውም?" አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቁር ሳንባ፣ የጠነከረ ጉበት፣ የተቦረቦረ ጥርስና ያበጠ እግር ግድግዳው ላይ ተሰለፉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል በታች አንድ አንድ መስመር ተጻፈ። መስመሮቹን እንዳርም የተሰጡኝ ለእኔ ነበር። ፊደል አረምኩና "ጥሩ ነው፣ ስቀሉት" አልኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው እየዞረ ሲያይ፣ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት ከአራተኛው ሥዕል ፊት ቆሙ። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች ያበጡ ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው የነበረችውን ልጅ "ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ። ልጅቷም ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ "የንጽሕና ጉድለት ውጤት።" እማማ ጥቂት ዝም አሉና ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ እኔ እኮ እግሬን ታጥቤ ነው የምመጣ" አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቦታቸው ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ያ የገለበጥነው ሙዚየም ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ማንበብና ማሰብ የጀመርኩት። የሲድኒን ምድር አልረገጥኩም። የምተቸው ሕንፃውን ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ የታመመ የሰውነት ክፍል አስቀምጦ ከሥሩ መጻፍ የሚባለውን ጥበብ። ሙዚየም እንደ መጽሐፍ ነው፤ የሚናገረው በሚያሳየው ብቻ ሳይሆን በሚጽፈውና ሳይጽፍ በሚያልፈውም ነው።

ሙዚየሙ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1960 የበሽታ ጥናት ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ዊልሄልም ሲሆኑ ዓላማውም ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ ነበር። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከ2 ሺሕ በላይ ናሙናዎች አሉት፤ በቀዶ ሕክምና ከሕያዋን፣ በአስከሬን ምርመራ ደግሞ ከሙታን የተወሰዱ እውነተኛ ልቦች፣ ሳንባዎች፣ ጉበቶችና አንጎሎች። በመድኃኒት ፈሳሽ ተሞልቶ በታሸገ ግልጽ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ጎብኚዎች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ መምህሮቻቸው የሚወስዷቸውም አይተው አኗኗራቸውን እንዲያስተካክሉ ነው።

ከመተቸቴ በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ከናሙናው ጋር የሕመሙ ታሪክ አብሮ ይቀመጣል፦ የሰውየው ዕድሜ ስንት ነበር፣ ምን ብሎ ወደ ሐኪም መጣ፣ ምን ተገኘበት፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ስም የለም። በስም ምትክ እውነት አለ። ይህን ከእኛ ልማድ ጋር አስተያዩት። ሰው ሲሞትብን በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ምን ይላል? "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው።" ሕመሙ ምን እንደሆነ አይነገርም። የስኳርም ይሁን የካንሰር፣ የጉበትም ይሁን የኤች አይ ቪ፣ ሁሉም "ያደረ ሕመም" ይሆንና ከሟቹ ጋር ይቀበራል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ያው ሕመም ሲጀምረው የሚያውቀው ነገር የለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የምንል ሰዎች፣ በቀብራችን ላይ ግን በሽታውን አብረን እንደብቃለን። ሲድኒ ያለው ሣጥን ስሙን ሸፍኖ ሕመሙን ይናገራል፤ እኛ ስሙን በድምፅ ማጉያ ተናግረን ሕመሙን እንሸፍናለን። በዚህ ጉዳይ ትክክለኞቹ እነርሱ ይመስሉኛል።

ችግሩ ያለው እንዲህ ያለው ሙዚየም ጎብኚውን በሚያሰናብትበት ቃል ላይ ነው። ቃሉም "ምረጥ" የሚል ነው። አታጭስ፣ አትጠጣ፣ ተንቀሳቀስ፣ ስብ ቀንስ። አንዱም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ሙዚየሙ በሙሉ በዚህ አንድ ቃል ሲነበብ፣ እያንዳንዱ ሣጥን የአንድ ሰው ጥፋት ማስረጃ ይመስላል።

ሳንባውን እንውሰድ። በእንዲህ ዓይነት ሙዚየሞች ሁሉ በብዛት የሚታወቀው ናሙና የአጫሽ ሳንባ ነው፤ ጠቁሮ፣ ተቦዳድሶ፣ ከጤነኛው ጎን የተቀመጠ። በእኛም ግድግዳ ላይ የክብሩን ቦታ የያዘው እርሱ ነበር። አንድ ነገር ልንገራችሁና ብትስቁ ግድ የለኝም፦ የአጫሽን ሳንባ እንደማያጨስ ሰው የሚወደው የለም። እኛ አብዛኞቻችን አናጨስም። ስለዚህ ከዚያ ሥዕል ፊት ስንቆም የምናየው ራሳችንን ሳይሆን ሌላውን ሰው ነው፤ ከአዳራሹ ስንወጣም ምንም ሳንለውጥ ጥቂት ጻድቃን ሆነን እንወጣለን። ሙዚየም ጎብኚውን ሊነቅፈው ሲነሣ ሲያሞግሰው የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

የሚያጨሰውማ ሥዕሉን በኪሱ ይዞት ይዞራል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ በሲጋራ ፓኮ ላይ የጤና ማስጠንቀቂያው ከነሥዕሉ 70 በመቶ የሚሆነውን ገጽ እንዲይዝ ተደንግጓል። ይኸው አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆም ሆነ አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ልብ በሉ፤ አዋጁ አጫሹን "ምረጥ" ብቻ ብሎ አልተወውም። ሻጩንም፣ አስተዋዋቂውንም፣ በዝግ ቤት ውስጥ የሚያጨሰውንም ያዘ። ከሙዚየሙ ይልቅ ሕጉ የተሻለ አንባቢ ነው ብል ደፈርክ አትበሉኝ።

አሁን ደግሞ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶቻችንን አስቡ። በእኛ አገር ብርድ ቤቱ መስኮት አይወድም። በሦስት ጉልቻ መካከል እርጥብ ባሕር ዛፍና ኩበት ይነዳል፤ እናት ከምጣዱ ላይ ተደፍታ ትጋግራለች፣ ሕፃኑ በጀርባዋ ነው። ጭሱ ዐይኗን ያስለቅሳል፤ ሳንባዋም ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። የእናታችን ሳንባ በሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ እርሱም ጥቁር ነው። ታዲያ ከሥሩ ምን ልንጽፍ ነው? "እንጀራ መጋገር ያቁሙ"?

ይህ የድኻ አገር ሰበብ ነው የሚል ካለ፣ ወደ አውስትራሊያው እንመለስ። በምዕራብ አውስትራሊያ ዊተኑም በምትባል መንደር እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰማያዊ አስቤስቶስ ይቆፈር ነበር። ብናኙን የተነፈሱ ቆፋሪዎች፣ ልብሳቸውን ያጠቡ ሚስቶቻቸው፣ ከቆፋሮው በተረፈው አፈር ላይ የተጫወቱ ልጆቻቸው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሳንባ በሽታና በሳንባ ሽፋን ካንሰር አለቁ። እነዚያ ሰዎች የመረጡት የዕለት ደመወዝን ነበር። የአስቤስቶስ ሳንባና የሲጋራ ሳንባ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለዐይን ሁለቱም ሳንባ ናቸው። የሚለያቸው ከሥራቸው የሚጻፈው ነው። ለዚህ ነው የሙዚየሙ ዋና ሥራ ሣጥኑ ሳይሆን ጽሑፉ ነው የምለው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ማስፈራትና ማስጠየፍ ሰውን ይለውጣል ወይ?

በጃፓን፣ በቶኪዮ ከተማ፣ ሜጉሮ በተባለ ሰፈር የጥገኛ ትሎች ሙዚየም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ሳቶሩ ካሜጋይ የተባሉ ሐኪም ያቋቋሙት። በዚያ ካሉት ሁሉ የሚታወቀው ከሰው ሆድ የወጣ፣ 8.8 ሜትር የሚረዝም ጥብጣብ መሳይ ትል ነው። ከጎኑ እኩል ርዝመት ያለው ጥብጣብ ተሰቅሏል፤ ጎብኚው በእጁ ይዞ እየዘረጋ ርዝመቱን እንዲያውቀው። ያ የጃፓን ትል ከዓሣ የተገኘ ነው። የእኛው ከበሬ ሥጋ ነው፤ ስሙም ኮሶ።

እኛ ስለ ኮሶ ለመማር ቶኪዮ መሄድ አያስፈልገንም። የስሜን ደጋ የኮሶ ዛፍ አገር ነው። ትሉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ፤ በሽታና ፈውስ አንድ ስም ሲካፈሉ የት ታውቃላችሁ? የ19ኛው መቶ ዘመን መንገደኞች እንደጻፉት ደገኛው በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶውን አበባ ወቅጦ፣ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ምሬቱ እስከ ዛሬ መከራን ለመግለጽ "ኮሶ ጠጣሁ" እስክንል ድረስ በቋንቋችን ውስጥ ቀርቷል። ትሉን በዐይኑ አይቷል፣ በሆዱ ተሸክሞታል፣ ለማውጣትም ሬት የሚያስንቅ መድኃኒት ጨልጧል። በማግሥቱስ? ጥሬ ሥጋው ተቆረጠ፣ አዋዜው ቀረበ። ማንኛውም ሙዚየም ሊያሳየው ከሚችለው የበለጠ ነገር ያየ ሕዝብ ነው፤ ማየቱ ግን ከቁርጡ አልለየውም። እኔ ራሴ በበዓል ቀን ቁርጥ ሲቀርብ እጄን አልሰበስብም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። ይህን ያነሣሁት፣ ያስፈራ ሥዕል ሁሉ ያስተምራል የሚለው እምነታችን ከየት እንደመጣ እንድትጠይቁ ነው።

ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን በየግድግዳው የነበረውን ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል፤ ራስ ቅልና አጥንት፣ ከሥሩም "ይገድላል" የሚል። ሰው በእርግጥ ፈራ። የፈራው ግን በሽታውን ብቻ አልነበረም፤ የታመመውን ጎረቤቱንም ፈራ። ኩባያ ለየ፣ ቤት አላከራይም አለ። ሥዕሉ ሊከላከልለት የተነሣውን ሰው ራሱን መልሶ መታው።

ከዚህም የከፋ ታሪክ አለ፤ በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም። የዛሬዎቹ የጤና ሙዚየሞች አንዱ ትልቅ አባት በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ያለው የንጽሕና ሙዚየም ነው። የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት በመሸጥ የበለጸገ ካርል ኦገስት ሊንግነር የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1911 ባዘጋጀው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ላይ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ተገኘ። ሙዚየሙ በዚያው መነሻነት ተመሠረተ፤ በ1930 አዲሱ ሕንፃ ሲከፈት ደግሞ ውስጡ የሚታይ፣ ግልጽ የሆነ የሰው ምስል ቆመበት። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ደም ሥሩና አንጀቱ እያበራ። ሥራው ያማረ፣ ትምህርቱም ጠቃሚ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፤ ያው ሙዚየም የዘር ንጽሕና የሚሉትን ትምህርት ማሠራጫ ሆነ። ጤነኛ አካል የጥሩ ዜጋ ምልክት ተባለ፤ የታመመው ደግሞ ሸክም። እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው ሕግ መሠረት 400 ሺሕ ያህል ሰዎች ልጅ እንዳይወልዱ በግዳጅ ተኮላሹ፤ ከዚያም በሽተኞችንና አካል ጉዳተኞችን መግደል ተከተለ። ሙዚየሙ ዛሬ ይህን ታሪኩን ራሱ ያስተምራል፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ሲድኒ ድሬስደን ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ግን "ጤናህ በእጅህ ነው" ከሚለው ቃል "የታመምከው በጥፋትህ ነው" ወደሚለው ያለው መንገድ አጭር መሆኑን ከድሬስደን ተማርኩ። ከደባርቅ አዳራሽ ደግሞ ከዚያም የሚያጥር መሆኑን አየሁ።

ታዲያ የሰውን ሕመም ሳያዋርዱ ማሳየት ይቻላል? ሁለት ምሳሌዎች አሉኝ፤ አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ግን በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ።

ሩቁ በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ ያለው የቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የሥጋ ደዌ ታማሚዎች የኖሩበት ቤት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ታማሚዎች ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን ከ1970 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ሰው እዚያ ሲገባ የሚያየው ታማሚዎቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ያደሩባቸውን ጠባብ የእንጨት ክፍሎችና ያበሰሉበትን ማዕድ ቤት ነው። በ1816 የዚያ ቤት ቄስ የነበረ ዮሐን ኧርንስት ቬልሃቨን ታማሚዎቹ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚኖሩ ጽፎ አወጣ፤ አገሩም አፈረ። በ1856 ኖርዌይ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን በአገር ደረጃ መመዝገብ ጀመረች። በዚያችው በርገን ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 የበሽታውን ተሕዋስ አገኘ፤ እርግማን ወይም የዘር ነገር ሲባል የኖረው በዐይን የማይታይ ተሕዋስ መሆኑ ታወቀ። ስሙን በአዲስ አበባ ታገኙታላችሁ፤ በአለርት ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም አርማወር ሐንሰን ይባላል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ አንድ ቄስ ታማሚዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ጻፈ፤ መዝገቡና ማይክሮስኮፑ በኋላ መጡ።

ቅርቡ ዳባት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ። ሰው ሲሞት መዝጋቢው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ ሟቹ በምን እንደታመመ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ሳል ይኑረው ትኩሳት፣ የት እንደታከመ ቤተሰቡን ይጠይቃል። ከመልሱ ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ያወጣሉ። ብዙ ሰው በቤቱ በሚሞትበት አገር የአስከሬን ምርመራ የሚተካው ይህ ነው። ለእኔ ይህ የበሽታ ሙዚየም ነው፤ ሣጥን የሌለው፣ ጽሑፉ ብቻ ያለ። ዳባት ላይ ሳንባ በፈሳሽ ውስጥ አልተንሳፈፈም፤ ነገር ግን አንዲት እናት "ጭሱ ነበር ልጄን የገደለብኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ" ብትል የሚጽፍላት ሰው አለ።

የጎንደር የጤና ትምህርት ራሱ ከየት እንደተወለደም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ መታው፤ በማግሥቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ያስተምር ጀመር። ያንን ኮሌጅ ያቋቋመው የደንቢያ ገበሬ መጥፎ አኗኗር ሳይሆን የወባ ትንኝ ነው። እነዚያ ተማሪዎችም ወደ መንደር ሲወርዱ ያዩት የሰውየውን ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ረግረጉን፣ ምንጩንና ጉድጓዱን ነበር።

ወደ እግሩ ልመለስ፤ መነሻዬ እርሱ ነውና።

በእኛ ዘንድ ዝሆኔ የሚባለውን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉ ቃላት የተሠራ ስም ነው። በቆላ አገር ትንኝ የሚያስተላልፈው የእግር እብጠት ሌላ ነው፤ የደገኛው ከአፈር ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እየተዘዋወሩ ሲያጠኑ፣ እብጠቱ የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ መሆኑን አሳዩ። ባዶ እግር በዚያ አፈር ላይ ለዓመታት ሲሄድ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው አልፎ ይገባል፤ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ያስቆጣል፣ ይዘጋል። እግሩ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሊይዝ መቻሉም እርግማን አይደለም፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አንዳንድ ሰው በውርስ ለብናኙ የበለጠ ተጋላጭ ሆኖ እንደሚወለድ አሳይቷል፤ ነገር ግን ያለ አፈሩና ያለ ባዶ እግር ውርሱ ብቻውን ምንም አያደርግም። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል።

ይህን ደግሞ ለእናንተ ስል በተለይ እጽፋለሁ፦ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእናንተ ዕድሜ፣ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በላይ ባለው ወራት ነው። የመጀመሪያው ምልክት የእግር ጣቶች አካባቢና የውስጥ እግር ማሳከክና ማቃጠል ነው፤ በተለይ ሌሊት። ከዚያ እብጠቱ ይመጣል፣ መጀመሪያ እያደረ ይቀንሳል፣ በኋላ ይጠነክራል። በጊዜ ከተያዘ ሊመለስ ይችላል፤ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ነጠላ ጫማ ብቻ አፈሩን አይከላከልም። ወጣቶቻችን "ንጽሕና" ብለው ሲጽፉ ፈጽሞ አልሳቱም እንግዲህ፤ መታጠብ ሕክምናም መከላከያም ነው። የሳቱት፣ እኔም የሳትኩት፣ የመድኃኒቱን ስም የበሽታው ምክንያት አድርገን መጻፋችን ነው። ሳሙና ይረዳል ማለት የታመመው ሰው ቆሻሻ ነበር ማለት አይደለም።

የኢዮብን ወዳጆች ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የምንነቅፋቸው በንግግራቸው ነው። ነገር ግን አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ነበር። እኔ ያን እሑድ ሰባት ደቂቃም አልተቀመጥኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ሥዕሉን ከሣሉት ልጆች ጋር እማማ ቤት ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ከእኛ መካከል ባዶ እግሩን የነበረ የለም፣ ይህንንም እዚያ ስንደርስ ነው ያስተዋልነው። ቡና ፈላ። ይቅርታ ጠየቅን። እርሳቸውም "ኧረ ምን አደረጋችሁ ልጆቼ" አሉ፤ እንደ እናት ወግ። ከዚያ አንደኛዋ ልጅ ደብተሯን አውጥታ "እማማ፣ እርስዎ ይንገሩንና እኛ እንጻፍ" አለቻቸው። መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ጀመሩ። ልጅቷም የሕመሙን ታሪክ አንድ በአንድ እየጠየቀች ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ አነበበችላቸው፤ እርሳቸው ሁለት ቦታ አረሙ። የመጨረሻው መስመር የተጨመረው በእርሳቸው ጥያቄ ነው። አሁን ከአራተኛው ሥዕል በታች ያለው ይህ ነው፦

"እግር። ሴት፣ ያደገችው ከዳባት በታች፣ ቀይ አፈር ባለበት ቀበሌ። በ15 ዓመቷ ገብስ ስታርም ውላ ስትገባ የውስጥ እግሯን ሌሊት ያቃጥላት ጀመር። ሰው ዕባብ ረግጠሽ ነው፣ አንዳንዱም የዘር ነው አላት። ጤና ጣቢያ የሄደችው በ30 ዓመቷ ነው። በየማታው በሳሙና ትታጠባለች። ጫማ ነበራት፤ እንዳያልቅባት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር የምታደርገው።"